አፕ አውርዱ ይሉናል፤ መስመሩን ማን ይሆን የሚቆርጠው?

ጎበዝ! ዘንድሮ ሁሉ ነገር በስልክ ሆኗል አሉ። ነዳጅ በስልክ፣ ክፍያ በስልክ፣ መኪና መጥራት በስልክ። ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ብቅ ካለ «ዲጂታል» የምትለዋን ቃል ሳይጠራ አይወርድም። እኛስ ምን ከፋን? ጠዋት ከቤቱ ሳይወጣ መኪናው የት እንደደረሰ አውቆ፣ ቁርሱን ቀምሶ፣ በሰዓቱ ሥራ መግባትን የሚጠላ ሠራተኛ አልተፈጠረም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ዲጂታል የሚባለው ነገር የታሰበው ለየትኛው አገር ሕዝብ ነው?

ከላላን የሚያውቅ ያውቃታል። በደቡብ ወሎ ውስጥ በስተምዕራብ በኩል፣ ውሃው ሁሉ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ደጋ ነው። እዚያ አንድ የማውቀው መምህር አለ። ቤቱ ከተማ፣ ትምህርት ቤቱ ገጠር ቀበሌ። በገበያ ቀን አይሱዙ ከእህልና ከበግ ጋር ይጭነዋል፤ በሌላው ቀን ዕድሉ ከቀና ሞተር ያፈናጥጠዋል፤ ካልቀናው በእግሩ ነው። የዚህ ሰው «አፕ» ምን መሰላችሁ? የቴሌግራም ግሩፕ! ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ አስተማሪው፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛው ተሰባስበው «ነገ 12 ሰዓት የሚወጣ አለ ወይ?»፣ «ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፣ መኪና ይዟል»፣ «መንገዱ ተዘግቷል፣ እንዳትነሱ» ይባባላሉ። ሪባን የቆረጠለት የለም፤ ለጥናቱም አበል በልቶ ውጪ አገር የሄደ የለም። ግን ይሠራ ነበር።

2015 ዓ.ም. ምን እንደሆነ እናስታውስ። ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ታግደው አምስት ወር ከረሙ። ቪፒኤን ማውረድ የቻለ አወረደ፣ ያልቻለው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በዚህ መሐል፣ በሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ፣ በግንቦት ደግሞ በመላ አገሪቱ፣ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ቀርቶ በቴሌብርና በመሳሰለው ብቻ ይሁን ተባለ። እገዳው በሐምሌ ተነሳ ብለን ሳንተነፍስ፣ ሐምሌ 28 በአማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። በዚያው ሰሞን የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ድርግም አለ። መመለስ የጀመረው አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ያውም እየተቆራረሰ ነው።

እንግዲህ አስቡት። በግንቦት «በስልክህ ካልከፈልክ ነዳጅ የለም» የተባለ ሾፌር፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ስልኩ ቆርቆሮ ሆነበት። «ቴሌብር እኮ ያለ ኢንተርኔትም በ*127# ይሠራል» የሚል ጠበቃ አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ይሠራል፤ ኔትወርክ ካለ! ለመሆኑ *127# የመንገዱን ወሬ ይነግረዋል? መምህሩ በሌሊት ተነስቶ መናኸሪያ ተገትሮ ሁለት ሰዓት ከጠበቀ በኋላ «ዛሬ የሚወጣ የለም» ተብሎ ይመለሳል። ተኩስ ባለበት አገር ያለ ወሬ መንገድ መጀመር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አልዘረዝርም። «ኢንተርኔት ስለተዘጋ ቀረሁ» ቢል ደግሞ የሚሰማው አለቃ የለም።

«ለጸጥታ ነው» ይሉናል። ታጣቂውስ ኢንተርኔት ስለጠፋ መንገድ ጠፋው? መንገድ የጠፋው ለአስተማሪው፣ ለነርሷ፣ ሐኪም ቤት መድረስ ላለባት ነፍሰ ጡር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው!

ነገሩ የአንድ ሰሞን ስሕተት ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ ያጸደቀው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰኔ፣ በ23ኛው ቀን፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ የመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀ። ማጽደቁም መዝጋቱም በአንድ ወር! ላም አለኝ በሰማይ…

አንተም አዲስ አበቤ፣ የገጠር ችግር ነው ብለህ እንዳታልፈው። ራይድና ፈረስ አሉልህ፤ የግል ሰዎች ለፍተው ያመጧቸው ናቸው፣ ይበርቱ። ራይድ እንዲያውም በ8294 ደውለው ይጠሩታል፤ ኢንተርኔት ላጣ ሰው ያሰበለት የግል ድርጅት መሆኑን ልብ በል። ግን ደመወዝተኛ ጠዋትና ማታ በራይድ ልመላለስ ቢል ወሩ ሳይጋመስ ኪሱ ይራገፋል። የእሱ መኪና አንበሳ አውቶቡስና ሚኒባስ ነው። የሚፈልገውም ወሬ ቀላል ነው፤ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ብር። ታሪፍ የሚያወጣው መንግሥት፣ መስመር የሚደለድለው መንግሥት፣ ስምሪት የሚያዘው መንግሥት! ታዲያ መገናኛ ላይ በዝናብ የተሰለፈው ሠራተኛ አውቶቡሱ መምጣቱን አንገቱን አስግጎ መገመት አለበት?

ናይሮቢን እንይ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከአሜሪካኖቹ ኤም.አይ.ቲ.ና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው፣ ስልካቸውን ይዘው ማታቱ እየተሳፈሩ መስመሩንና ፌርማታውን መዘገቡ። ማታቱ ማለት የእኛው ሚኒባስ ነው፤ ወያላው፣ ግፊያው፣ ጩኸቱ ሁሉ አንድ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ130 የሚበልጡ መስመሮች ለሕዝብ በነፃ ወጡ፤ ቆይቶም ጉግል ካርታ ላይ ገቡ።

መካነ ሰላም ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ። ስልክ የያዘ ተማሪ ሞልቷል። ወደ ከላላ፣ ወደ አቀስታ፣ ወደ ደሴ መኪና መቼ ይወጣል፣ ስንት ያስከፍላል የሚለውን መዝግቦ ማውጣት ጭንቅላትም ገንዘብም የሚያዞር ሥራ አይደለም። ስማርት ስልክ ለሌለው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክለት። ተማሪው ቢደክምበት ግን ነገ መስመሩ ላለመቆረጡ ዋሱ ማነው? ስለዚህ መጀመሪያ ይህ ይነገረን፤ ኢንተርኔት የሚዘጋው በማን ፊርማ ነው? በየትኛው ሕግ? ለስንት ቀን? ኢትዮ ቴሌኮምን አይደለም የምንጠይቀው። ያዘዘው ሰው ወጥቶ ይንገረን!