የአእምሮ ሕሙማንና የረመዷን ወር፦ መድኃኒቱን የሚጠብቀው ማነው?



ረመዷን ሲቃረብ በየቤቱ ዝግጅቱ ይጀመራል። እናት የሾርባውን እህል ታሰናዳለች፣ ተምር ይገዛል፣ ልጆች ለተራዊሕ ይዘጋጃሉ። በዚሁ ቤት ግን አንድ ጉዳይ ሳይነሳ ይታለፋል። የአእምሮ መድኃኒት እየወሰደ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ደህና ሆኖ የከረመው ልጅ፣ ጠዋትና ማታ የሚውጠው እንክብል በጾሙ ወር እንዴት ይሆናል? ብሎ የሚጠይቅ የለም። እርሱ «እንደ ሰው ልጹም» ይላል፤ ቤተሰቡም ደስ ብሎት ዝም ይላል። መጀመሪያ የጠዋቱ ይቀራል፣ ቀጥሎ የማታውም ይረሳል። ወሩ ሲጋመስ እንቅልፉ ይጠፋል፣ ንግግሩ ይበዛል፤ ዒድ የሚውለው በሆስፒታል በር ላይ ይሆናል። ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ቤት ሊደርስ የሚችል ነው።

በእኔ እምነት ጥፋቱ የታማሚው አይደለም። ጥፋቱ በሸዕባን መጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ሳንጠይቅ ረመዷን የገባብን የእኛ የቤተሰቦቹ ነው።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከመዲናዋ ውጭ ላሉ በርካታ ሕሙማን ሕክምናውን የሚሰጧቸው እነዚሁ ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን ነርሷ ታማሚውን የምታየው በቀጠሮው ቀን ለጥቂት ደቂቃ ነው። በቀሩት ቀናት ነርሷ እናት ናት፣ እህት ናት፣ ሚስት ናት። ስለዚህ የነርሷን ሥራ የሚሠራ ሰው ነርሷ የምታውቀውን መሠረታዊ ነገር ሊያውቅ ይገባዋል።

መጀመሪያ ስለ ሊቲየም እናንሳ። ይህ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ሊቲየሙን ይዞ ያስቀረዋል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠንም ከፍ ይላል። በጾም ላይ ሙቀት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ሲጨመር አደጋው ይብሳል። ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ከወትሮው የበረታ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥና ትውከት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ የምላስ መተሳሰር፣ መፍዘዝና ግራ መጋባት። እነዚህን ያየ ሰው ቀጣዩን እንክብል ሳይሰጥ፣ ኢፍጣርንም ሳይጠብቅ ታማሚውን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰደው።

ሁለተኛው በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ብዙ ስሕተት የሚፈጠርበት ነው። ሃሎፔሪዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች በተለይ በተጀመሩ ወይም መጠናቸው በጨመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአንዳንድ ሰው አንገት እንዲጣመም፣ ዓይኑ ወደ ላይ እንዲሰቀል፣ መንጋጋው እንዲቆለፍ ያደርጋሉ። ይህን ያየ ቤተሰብ «ጂኑ ተነሳበት» ብሎ ይደናገጣል። መድኃኒቱን አስጥሎ ሩቅያ ወደሚቀራበት የሚሮጥም አለ። ነገሩ ግን የታወቀ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። በጤና ተቋም በሚሰጥ መርፌ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ከሰውነት መገተር ጋር ከፍተኛ ትኩሳትና ግራ መጋባት ከታየ ግን ሕይወትን የሚያሰጋ ነውና አንድ ሰዓት እንኳ አይታደርበት።

ሌሎችም ትናንሽ የሚመስሉ ትልልቅ ጥንቃቄዎች አሉ። ክሎርፕሮማዚንና አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው ከተኛበት በድንገት ሲነሳ ደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ለሱሑር ስትቀሰቅሱት መጀመሪያ አልጋው ላይ ይቀመጥ፤ ቆይቶ ይነሳ። ዳያዚፓምን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቋርጠው የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ሊያመጣበት ይችላል። ያመለጠውን ለማካካስ ብሎ እጥፍ መስጠት ስሕተት ነው። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብን የሚያቆም በመሆኑ የወሩን መድኃኒት ሁሉ በታማሚው ትራስ ሥር አታስቀምጡ። አንድ ሰው በቁልፍ ይያዘውና የዕለቱን ብቻ ይስጥ። ከኢፍጣር በኋላ የሚቃመውም ጫት ለእነዚህ ሕሙማን መርዝ ነው። እንቅልፍ ይነሳል፣ ጥርጣሬንና ቅዠትን ያባብሳል፣ የመድኃኒቱንም ሥራ ያፈርሳል።

እንቅልፍን ካነሳን እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የሞሮኮ ጥናት ትምህርት ይሰጠናል። በስሜት መዋዠቅ ሕመም ምክንያት ሊቲየም ይወስዱ ከነበሩ 20 ጿሚዎች ውስጥ 45 በመቶዎቹ በረመዷን ሕመሙ አገርሽቶባቸዋል። የሚገርመው ግርሻው በደማቸው ካለው የሊቲየም መጠን ጋር የተያያዘ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በፓኪስታን የተደረገ ጥናት ደግሞ ሕመማቸው በተረጋጋ ሰዎች ላይ መጥፎ ለውጥ አላየም። ጥናቶቹ ትንንሾች ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ግን «ሁሉም ይጹም» ወይም «ማንም አይጹም» አይልም። «እያንዳንዱ ሰው በክትትል ይወሰንለት» ይላል። ለአንዱ ነርሷ ወይም ሐኪሙ መድኃኒቱን በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ያመቻቹለት ይሆናል፤ ለሌላው ጾሙ ይቅርብህ ይሉት ይሆናል። ይህን ቤተሰብ በግምት የሚወስነው አይደለም።

ሸሪዓችን በዚህ ጉዳይ በሩን አልዘጋም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ የታመመ ሰው በሌሎች ቀናት እንዲያካክስ ፈቅዷል። መዳኑ ተስፋ የማይደረግለት ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ቀን ምስኪን ያበላ ዘንድ አብዛኞቹ ዑለማእ ተናግረዋል። አእምሮው የተወሰደበት ሰው እስኪመለስለት ድረስ ብዕር እንደተነሳለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ታዲያ ለስኳርና ለኩላሊት ሕመምተኛ የምንሰጠውን ይህን ፈቃድ ለአእምሮ ሕመምተኛ ሲሆን ለምን እንነፍገዋለን? ሕመሙ ስላልታየን ነውን? በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ በጡንቻ መርፌ የሚወስዱ ሕሙማንም ቀጠሯቸው በረመዷን ቀን ሲውል ይቀራሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው ጉባኤ ምግብነት የሌለው የቆዳ፣ የጡንቻና የደም ሥር መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ቀጠሮውን የሚያስቀር ምክንያት የለም።

ቁርኣን መቅራትና ዱዓእ ከመድኃኒት ጋር አይጣሉም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለዋል፤ ሰበብ ማድረስና በአላህ መመካት አብረው ይሄዳሉ። ሩቅያ የሚቀራ ወንድም «እንክብሉን ጣለው» ካለ ግን የማያውቀውን ተናግሯልና ቤተሰቡ አይስማው።

በመጨረሻ ለኢማሞቻችንና ለመስጂድ ኮሚቴዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። በሸዕባን ከምታደርጓቸው ኹጥባዎች በአንዱ ይህን ንገሩን። «ቤታችሁ የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ካለ ከረመዷን በፊት ወደሚታከምበት ውሰዱት፤ ‹ይጹም ወይስ አይጹም› ብላችሁ ጠይቁ፤ የተባላችሁትንም አድርጉ» በሉን። ይህቺ የአንድ ደቂቃ ንግግር አንድን ወጣት ዒድን ከቤተሰቡ ጋር እንዲያሳልፍ ልታደርገው ትችላለች። እኛም በቀን የሚበላውን ታማሚ በገላመጥነው ቁጥር መድኃኒቱን እንዲደብቅ እየገፋነው መሆኑን እንወቅ። ለአላህ ብሎ ጾሙን ለተወው ማዕዱን ሳንሰቅቅ እናቅርብለት።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፣ አስታማሚዎቻቸውንም ያበርታልን። ወላሁ አዕለም።