ለወንድም የሠራ ለእናት ይሠራል?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጸሐፊዋ የ21 ዓመት ወጣት ነች፤ እናቷ ቡሬ ገጠር ይኖራሉ። «እማዬን ሳል ከያዛት ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ባለፈው ደረቱን ሲያመው አንድ አንቲባዮቲክ በሦስት ቀን ቀጥ አደረገው። የተረፈውን 6 ፍሬ በሰው ልኮላታል። ልስጣት ወይስ ልተው?» ትላለች።

እህት ዓለም፣ ተይው! አትስጫቸው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ነገር፣ ወንድምሽን የያዘው ጉንፋን ቢሆንስ? ጉንፋን የቫይረስ ሥራ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ያዳነው ጊዜ ሆኖ ምስጋናውን ክኒኑ ወስዶት ይሆናል።

ባክቴሪያ ነው ብንል እንኳ ባክቴሪያ ሁሉ አንድ አይደለም። የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ አንዱ አገር በፔኒሲሊን ድራሹ ሲጠፋ፣ ሌላው አገር መድኃኒቱን ከቁብ አይቆጥረውም። ሰው ደጋግሞ በዋጠ ቁጥር ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ የቻሉት ይተርፉና ይራባሉ። ስለዚህ የየአካባቢው ባክቴሪያ የሚለምደው እዚያው የሚዘወተረውን መድኃኒት ነው። ፔኒሲሊንን ያገኙት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ጎደሎ መጠን መውሰድ ይህንን እንደሚያመጣ ገና በ1945 የኖቤል ሽልማታቸውን ሲቀበሉ አስጠንቅቀው ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ነገሩ የዋዛ እንዳይመስላችሁ! በ2022 «ላንሴት» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንደገመተው፣ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 ብቻ 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ሰው ገድለዋል። በምዕራብ አፍሪካ ከ100 ሺህ ሰው 27፣ በአውስትራሊያ አካባቢ ግን 6 ተኩል ያህል። ብዙውን ሰው የፈጀውም የሳንባ ሕመም ነው።

ደግነቱ ልማድ ይመለሳል። ፊንላንዶች ጉሮሮ የሚያቆስለው ባክቴሪያ ኤሪትሮማይሲንን እየለመደ ሲያስቸግራቸው የመድኃኒቱን አጠቃቀም ቀነሱ። በ1992 ከመቶ 16 ተኩል የነበረው የለመደ ባክቴሪያ በ1996 ወደ 8 ነጥብ 6 ወረደ።

እና እናትሽስ? ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል በአገራችን መጀመሪያ ለቲቢ ነው የሚመረመረው። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸውና አክታቸው ይታይ። ቲቢ ከሆነ ሕክምናው ወራት የሚወስድ ነው፤ 6 ፍሬ ክኒን ምኑም አይደለም። ትንሽ ቀለል አድርጎላቸው በሽታውን ቢሸፍነውስ? ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደም ካስታወካቸውና ካሳላቸው ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል! ሐኪሙ ካልቸር ካዘዘ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ይበቅልና የትኛውን መድኃኒት እንደሚፈራ ይታወቃል። ባሕር ዳር ያለው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ይሠራል።

እናንተም ጎበዞች፣ ለጉንፋን «አሞክሳሲሊን ስጠኝ» እያላችሁ ፋርማሲ አትጨቅጭቁ። በየጤና ኬላው የገጠር ሕፃን የሳንባ ምች ሲይዘው የሚታከመው በዚሁ መድኃኒት ነው። እናንተ በከንቱ ባስለመዳችሁት ባክቴሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። የታዘዘላችሁንም እንደታዘዘው ጨርሱ፤ ለነገ አታስቀምጡ፤ ለሰው አታካፍሉ።

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ» ይባል የለ? እውነት ነው፤ ግን ትራፊ ክኒን በመላክ ሳይሆን ታማሚውን ደግፎ ሐኪም ዘንድ በማድረስ ነው።

እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!