ቴፑን ሽጠው፤ ካሴቱን ግን መጀመሪያ አዳምጠው

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቴፕ ነው። «ደግሞ የምን ቴፕ?» እንዳትሉኝ! በአንድ ቴፕ ምክንያት ሠርግ ሊታወክ ምንም አልቀረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የገንዳ ውሃ ልጅ ሰሞኑን አማከረኝ። ከሁለት ወር በኋላ ያገባል። ቤት ተከራይቷል፤ አንዲት ክፍል ናት። ሟች አባቱ የተዉለት ትልቅ ዴክ አለው፤ ሁለት ካሴት ጎን ለጎን የሚያጎርስ፣ ስፒከሮቹ የሕፃን ልጅ ቁመት የሚያህሉ። ከዴኩ ጋር ደግሞ አንድ የብስኩት ካርቶን ሙሉ ካሴት አለ፤ ወደ አርባ ይጠጋል። እጮኛው ቤቱን ልታይ መጥታ ይህን ጉድ አየችና «ይሄ እዚህ ከተቀመጠ አልጋው የት ሊገባ ነው?» አለችው። ልጅቷ ተሳሳተች? አልተሳሳተችም። እሱ ደግሞ «የአባቴ ነው» አለ። ቃል ቃልን ወለደና ሦስት ቀን ተኮራረፉ። በመጨረሻ ሽማግሌ ሳይገባ ታረቁ፤ ቆራሌውም ለቅዳሜ ተቀጠረ። ዴኩም ካሴቱም ባንድ ዋጋ ሊሄዱ ነው። ልጁ ግን እንቅልፍ አጥቷል። «ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?» ነው ጥያቄው።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት በእኛ ቤት ያለፉትን ቴፖች ላስተዋውቃችሁ። ምክሬን የተማርኩት ከእነሱ ነውና።

የመጀመሪያው ናሽናል ነበር። እኔ ሳልወለድ አባዬ ከገላባት ገዝቶ ያመጣው፣ አንድ ስፒከር ብቻ ያለው፣ በእጅ የሚንጠለጠል። መተማ ዮሐንስን ለማታውቁ፣ ገላባት ማለት ከድልድዩ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ናት። በእግር ይኬዳል። የእኛ ከተማ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ናትና ስሟንም ከእሳቸው ይዛለች። እኛ ልጆች ሆነን ግን ድንበር ማለት ሳሙና፣ ሽቶና ቴፕ የሚመጣበት ማለት ነበር።

ናሽናላችን ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይበላ ነበር። በሰፈራችን መብራት አልነበረም፤ ድንጋይ ደግሞ ውድ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ምን ይሆናል መሰላችሁ? ሞተሩ ይዘገያል፤ ካሴቱ በሴኮንድ መጓዝ ያለበትን 4.76 ሴንቲ ሜትር መጓዝ ያቅተዋል። ጥላሁን ገሠሠ እንኳ ያን ሁሉ ድምፅ ይዞ እንቅልፉ የመጣ ሰው ይመስል ነበር። ያኔ እማዬ ድንጋዮቹን አውጥታ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ታሞቃቸዋለች። የመተማ ፀሐይ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። የሞቀ ድንጋይ ለአንድ ሁለት ዘፈን ነፍስ ይዘራል። ሙቀት በውስጡ ያለውን ኬሚካል ያነቃቃዋላ! ሞልቶ ግን አይደለም፤ የቀረውን ማሟጠጥ ነው።

ማታ ማታ አባዬ ሬዲዮኑን ኦምዱርማን ላይ ያደርገዋል። አረብኛውን አጣርቶ ይሰማል፤ ዋርዲ ሲዘፍን ግን ዝም እንድንል ያዘን ነበር። መሐመድ ዋርዲ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ያረፈ ጊዜ አባዬ ዘመድ እንደሞተበት ሆኖ ነው የዋለው። ለምን? የሱዳን ዘፈን እንደኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆመ ስለሆነ ጆሯችን ባዳ አይለውም። ቋንቋው ያልገባን ልጆች እንኳ ትከሻችንን እንሰብቅ ነበር። የእኛዎቹን ጥላሁንንና መሐሙድ አሕመድን ደግሞ ማዶ ያሉት ይወዷቸዋል። ጉምሩክ የማያስቆመው ኮንትሮባንድ ቢኖር ይሄ ነበር።

ሁለተኛው ሳንዮ ነው። ሁለት ካሴት የሚያጎርስ! በሰፈሩ ብቸኛው ስለነበር ቤታችን የሙዚቃ ቤት ሆነ። ባዶ ካሴት ይዞ የሚመጣው ሰው ብዛት! ባለ 60 እና ባለ 90 ደቂቃ ነበሩ፤ ባለ 90ው ክሩ ቀጭን ስለሆነ በሙቀት ቶሎ ይጠመጠማል፤ ታላቅ ወንድሜም «60 ካልሆነ አልቀዳም» ይል ነበር። በፍጥነት መቅዳት የሚባለው ቁልፍ ሲጫን ዘፋኞቹ እንደ ጫጩት ይንጫጫሉ፤ እኛ በሳቅ እንሞታለን። አምባሰል ወይም ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤት ያሳተመው አንድ ኦርጅናል ካሴት ሰፈራችን ከገባ በሳምንቱ ሃያ ወልዶ ያድራል። (የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በእኛ ሰፈር ግን የሰማው አልነበረም። ዘፋኞቹ ምን ያህል እንደተጎዱ ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው።) ክር የተጎለጎለ እንደሆነም ባለስድስት ጎን ቢክ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ማዞር ነው። ይህን ሙያ የማያውቅ የዚያ ዘመን ልጅ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ካሴት ለዘፈን ብቻ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ ይህን ትንሽ ካሴት ለዓለም ሲያስተዋውቅ ከሙዚቃ ይልቅ ለንግግር መቅጃ ይሆናል ብሎ ነበር። እኛም አገር ሰው ለዚሁ ተጠቅሞበታል። ሱዳንና አረብ አገር ያለ ሰው ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ባዶ ካሴት ላይ ያወራና ለሹፌር ወይም ለመንገደኛ ይሰጣል። ማንበብ የማይችል ወላጅ አስነባቢ አይፈልግም፤ የልጁን ድምፅ ራሱን ይሰማል። ስልክ በደቂቃ ገንዘብ ይበላል፤ ካሴት ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራል።

የእማዬ ታናሽ ወንድም በ1997 ዓ.ም. ከካርቱም እንዲህ ያለ ካሴት ላከላት። ባለ 60 ደቂቃ ነው፤ ሁለቱንም ገጽ ሞልቶታል። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ያን ማታ ግን አስታውሳለሁ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሳንዮው መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። «እታለም፣ እንደምን ከርመሻል?» ብሎ ጀመረ። እማዬ ለቴፑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰችለት! ማንም አልሳቀም። የሚሠራበትን ዳቦ ቤት፣ የአባይን ዳር፣ አብረውት የሚያድሩትን ልጆች ሁሉ እየጠራ አወራ። በዓመቱ ወደ ሊቢያ መንገድ መውጣቱን ከሰው ሰማን። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። እስከ ዛሬ።

ካሴቱስ? ታላቅ ወንድሜ በባዶ ካሴት እጥረት ላዩ ላይ ዘፈን ቀዳበት። ቴፕ ሲቀዳ አንዱ ሄድ የድሮውን እየጠረገ ሌላው አዲሱን ይጽፋል፤ የተጠረገ አይመለስም። እማዬ ያወቀች ዕለት አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ወንድሜ የሚሆነውን አጣ። በኋላ ታላቅ እህቴ ካሴቱን ሳትጥለው እስከ መጨረሻው ሰማችው። በሁለተኛው ገጽ ዘፈኑ በ24 ደቂቃ አለቀ፤ ገጹ ደግሞ 30 ነው። ዘፈኑ ጸጥ ሲል አጎቴ ከመሐል ጀምሮ «…ለልጆቹ ንገሪያቸው» ብሎ ብቅ አለ! ስድስት ደቂቃ ተረፈ። እማዬ ዛሬ ከወንድሟ ያላት እሱ ብቻ ነው፤ ፎቶ እንኳ የላትም።

ሦስተኛው ቴፓችን የሰሊጥ ብር የገዛው ዴክ ነው። አባዬ አንድ ዓመት ሰሊጡ ቀንቶት አመጣው፤ ሲዲ የሚያጫውት፣ መብራቱ ከዘፈኑ ጋር የሚጨፍር። እማዬ ዳንቴል ሠራችለት፤ ከእኛ ልብስ በፊት የእሱ ዳንቴል ይታጠባል። ፊቱ ላይ «3000 ዋት» የሚል ተለጣፊ ነበረበትና አባዬ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል። ኋላውን ብታዞሩት የሚወስደው ኃይል 60 ዋት ብቻ ነው ይላል። 60 ዋት በልቶ 3000 የሚያወጣ ዕቃ ቢኖርማ ግድብ ባላስፈለገን! ያ ቁጥር ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚባለው የነጋዴ ቁጥር ነው። ዛሬም ስፒከር ስትገዙ ፊቱን ትታችሁ ኋላውን አንብቡ፤ አር.ኤም.ኤስ. የሚለውን ፈልጉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ፍላሽ መጣ፤ ብሉቱዝ መጣ፤ ዴኩ ዳንቴሉን እንደለበሰ ዝም አለ። አሁን አባዬ እንኳ ዋርዲን በስልክ ነው የሚሰማው።

እንግዲህ የገንዳ ውሃው ወንድሜ፣ ምክሬን ስማ። ዴኩን ሽጠው። እጮኛህ እውነቷን ነው፤ ባንዲት ክፍል ውስጥ ለሁለት ስፒከርና ለአንድ ትዳር ቦታ የለም። አባትህም ሰሊጥ ሸጠው ዕቃ የገዙት ቤቱ እንዲሞቅ እንጂ ልጃቸው አልጋ የሚያስገባበት እንዲያጣ አይመስለኝም። ካሴቶቹን ግን ሳታዳምጥ እንዳትሸጥ! ላያቸው ላይ በተጻፈው አትመን። የእኛም ካሴት ላይ የተጻፈው የዘፋኝ ስም ነበር። አባትህ እንዳንተ ወጣት ነበሩ፤ ቴፑም መቅጃ ነበረው። አንዱ ላይ ሲያወሩ፣ ሲያንጎራጉሩ፣ አንተን ሕፃን ሳለህ «እስቲ ስምህን በል» ሲሉህ ልታገኝ ትችላለህ። ላታገኝም ትችላለህ። ከሸጥከው በኋላ ግን ማወቂያ የለህም።

እንዴት አድርገህ? ዴኩ ለረጅም ጊዜ ካልሠራ መጀመሪያ የማትሳሳለትን ካሴት አጉርሰው። ክር የሚበላ ከሆነ ያንን ይብላ። ድምፁ የሚዋዥቅ ከሆነ ውስጡ ያለው ጎማ በሙቀት ላልቷል፤ ጎንደርም ሆነ ገንዳ ውሃ ቴፕ ሠሪ አይጠፋም፣ ይቀይርልሃል። ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጥረገው። ሻጋታ ያለበትን ካሴት ግን አታጫውት፤ ሄዱንም ሌሎቹን ካሴቶችም ያበላሻል፤ ለብቻው አስቀምጥና ለሠሪው አሳየው። ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበራቸው፤ ከተሰበሩ በስህተት እንኳ ሊቀዳባቸው አይችልም። (እኛ ቤት ይህን የሚያውቅ ቢኖር ኖሮ!) ካርቶኑን ደግሞ ከስፒከሩ ላይ አውርደው፤ ስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ፤ ማግኔት ደግሞ የካሴት ጠላት ነው።

ድምፅ ካገኘህ ከዴኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒዩተር አስገባው፤ ኦዳሲቲ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይቀዳልሃል። ኮምፒዩተር ከሌለህ በሩን ዘግተህ ስልክህን ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጥና ቅዳ። ጥራቱ አያምርም፤ ይሁን። ከዚያ ሁለት ቦታ አስቀምጠው፤ አንዱን ፍላሽ ለእህትህ ስጣት።

ካሴት የሌላችሁ አንባቢያንም «እኛን አይመለከተንም» እንዳትሉ። የዛሬው ካሴት በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚላከው ድምፅ ነው። በሱዳን ጦርነቱ ከፈነዳበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በመተማ ድልድይ የገባው ብዙ ሰው ከዕቃው ሁሉ አስቀድሞ የያዘው ስልኩን ነበር። ስልክ ግን ይጠፋል፤ ይሰረቃል፤ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። አረብ አገር ያለችው እህታችሁ የላከችላችሁ የሦስት ደቂቃ ድምፅ ስልካችሁ ውስጥ ብቻ ካለ፣ ከእማዬ ካሴት በምን ይለያል?

ለእጮኛውም አንድ ነገር ልበልሽ እህቴ። አማትሽን አታውቂያቸውም፤ አንቺ ሳትመጪ ነው ያረፉት። ካርቶኑን ከልጁ ጋር ሆናችሁ ብትሰሙት ምናልባት እዚያው ትተዋወቋቸዋላችሁ። ዘፈኑም ቢሆን አይጎዳሽም።

ሒሳቡ ይኸውና፦ አርባ ካሴት፣ አንዱ ባለ 60 ቢሆን አርባ ሰዓት ይፈጃል። በማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትሰሙ ሃያ ቀን ነው። ሠርጉ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ይበቃችኋል። ቆራሌውን ግን ዛሬውኑ ደውልና «ቅዳሜ አትምጣ» በለው።

ቸር እንሰንብት።