ፕሮንግሆርንን በየትኛው ጥይት? ከጉልበቱ ይልቅ አረሩን እንምረጥ

በየዓመቱ በመስከረምና በጥቅምት ወራት በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ሜዳዎች፣ ከሁሉም በላይ በዋዮሚንግ ግዛት፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አዳኞች ፕሮንግሆርን የተባለውን እንስሳ ለማደን ይሰማራሉ። ከመሰማራታቸው አስቀድሞ ግን ማለቂያ የሌለው ክርክር ይገጥማሉ። ክርክሩም «የትኛው ጥይት ይሻላል?» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው «ጉልበቱ የበዛው» የሚለው መልስ ነው። እኛ ይህ መልስ በፊዚክስ ሚዛን ሲታይ ደካማ ነው ብለን እናምናለን። ከዚህም በላይ ዋነኛው ጥያቄ የጥይቱ ጉልበት ሳይሆን አረሩ የተሠራበት ብረት ነው እንላለን። ጉዳዩ ከእኛ አገር የራቀ ቢመስልም በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ትምህርት ብቻ ሊመረመር የሚችል በመሆኑ ለአንባብያን ማቅረቡን ወደድን።

አስቀድመን እንስሳውን እንወቅ። አሜሪካውያን በልማድ «አንቴሎፕ» ይሉታል፤ ነገር ግን ከእኛ ድኩላ፣ ሳላና አጋዘን ጋር የሚያስቆጥረው የቅርብ ዝምድና የለውም። ከቤተሰቡ በሕይወት የቀረው እርሱ ብቻ ሲሆን ዛሬ ካሉት እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዶቹ ቀጭኔና ኦካፒ ናቸው። ክብደቱ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በሰዓት ወደ 88 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ዛሬ በአካባቢው ከሚኖሩት አዳኝ አውሬዎች አንዱም ይህን ያህል ፍጥነት የለውም። በአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ፕሮንግሆርንን ያጠኑት የሥነ እንስሳት ሊቅ ጆን ባየርስ፣ ይህ ፍጥነት ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከጠፋው አቦሸማኔ መሰል የአሜሪካ ድመት ለማምለጥ የዳበረ ውርስ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንስሳው ዛፍ በሌለበት ሜዳ ይኖራል፤ ዓይኖቹ ትልልቅ በመሆናቸው ጠላቱን ከሩቅ ያያል። ስለዚህ አዳኙ በብዛት ከ150 እስከ 300 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ፣ ነፋስ በማያርፍበት ሜዳ ለመተኮስ ይገደዳል። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በአማርኛ «ጥይት» ስንል ብዙ ጊዜ ሁሉንም በአንድነት ነው የምንጠራው። እዚህ ላይ ግን መለየት ያስፈልጋል። ቀለሁ፣ በውስጡ ያለው ባሩድና ጫፉ ላይ የተሰካው አረር በአንድነት ጥይት ይባላሉ፤ ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው አረሩ ብቻ ነው። የቀለሁ ስፋት የባሩዱን መጠን ይወስናል፤ የባሩዱ መጠን ደግሞ የአረሩን ፍጥነት። እንስሳው ዘንድ ደርሶ ሥራውን የሚሠራው ግን አረሩ ነው። አዳኞች ስለ ቀለሁ ሲከራከሩ ውለው ስለ አረሩ አንድ ቃል ሳይናገሩ መለያየታቸው ሁልጊዜ ይገርመናል።

ሁለት ጥይቶችን እናወዳድር። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው .243 ዊንቸስተር ነው፤ ቁጥሩ የአረሩን ስፋት በኢንች የሚገልጽ ሲሆን 6.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሌላው በ1963 የወጣው .300 ዊንቸስተር ማግነም ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) የመጀመሪያው 6.5 ግራም፣ ሁለተኛው 11.7 ግራም የሚመዝን አረር ይተኩሳል፤ የሁለቱም ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 900 ሜትር ነው። የመጠነ ቁስን ግማሽ በፍጥነት ካሬ ስናባዛ ለአንደኛው 2630፣ ለሁለተኛው 4740 ጁል ገደማ እናገኛለን። የማግነሙ ደጋፊ እዚህ ላይ «ይኸው!» ብሎ ክርክሩን ሊዘጋ ይፈልጋል።

እኛ ግን አልጨረስንም። የሞመንተም ሕግ ወደ ፊት የሄደውን ሁሉ ወደ ኋላ ያስከፍላል። የጠመንጃው ክብደት 3.5 ኪሎ ግራም ነው እንበል፤ ባሩዱ ለአነስተኛው ጥይት 2.7፣ ለማግነሙ 4.7 ግራም ነው፤ የተቃጠለው ጋዝም በሴኮንድ 1200 ሜትር ይወጣል ብለን እንውሰድ። አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢያሰላ፣ ጠመንጃው የተኳሹን ትከሻ የሚመታበት ኤነርጂ በአነስተኛው ጥይት 12 ጁል፣ በማግነሙ 37 ጁል ገደማ ሆኖ ያገኘዋል። አረሩ የጨመረው ኤነርጂ ሁለት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ በትከሻ ላይ ያረፈው ከሦስት እጥፍ በለጠ ማለት ነው። ምቱን የሚፈራ ተኳሽ ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ክንዱም ይደነግጣል። ዒላማ የሳተ 4740 ጁል ደግሞ ከዜሮ የሚሻል አይደለም፤ እንዲያውም ሆዱን ቆስሎ ለሚሸሸው እንስሳ ከዜሮ የከፋ ነው።

«ነፋሱን የሚያሸንፈው ከባዱ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ይህን የምናሰላበት ቀላል ዘዴ አለ። አየር ባይኖር ኖሮ አረሩ 300 ሜትር ለመጓዝ 0.33 ሴኮንድ ይበቃው ነበር። አየሩ ስለሚጎትተው ግን ለ.243 ወደ 0.38 ሴኮንድ ይፈጅበታል። አረሩን ከመስመሩ የሚያወጣው የነፋሱ ፍጥነት በጠቅላላው የበረራ ጊዜ ሳይሆን በዚህ መዘግየት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከጎን በሴኮንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አረሩን ወደ 23 ሴንቲ ሜትር ይገፋዋል። የማግነሙ አረር አየሩን በተሻለ ስለሚሰነጥቅ የሚገፋው ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። የፕሮንግሆርን ልብና ሳንባ ያለበት ክፍል ደግሞ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያህል ነው። መካከሉን ያለመ ሰው ሊሳሳት የሚፈቀድለት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ነፋሱን ያልገመተ ተኳሽ በሁለቱም ጥይት ይስታል፤ የገመተ ደግሞ በሁለቱም ያገኛል። በአራት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሦስት እጥፍ ምት መሸከም ትርፍ ያለው ንግድ አይመስለንም።

በ300 ሜትር ላይ .243 ወደ 1500 ጁል ይቀረዋል፤ ይህም 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝን እንስሳ በቂ ነው። .25-06 ሬሚንግተን፣ በ2007 የወጣው 6.5 ክሪድሙርም ሆነ ከ1925 ጀምሮ ያለው .270 ዊንቸስተር ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራሉ። በእነዚህ መካከል መጨቃጨቅ በጣዕም መጨቃጨቅ ነውና እንለፈው።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። የተለመደው የአደን አረር ከውጭ የመዳብ ልባስ፣ ከውስጥ እርሳስ ነው። (በቋንቋችን የምንጽፍበትንም «እርሳስ» ማለታችን ተማሪዎችን እንዳያሳስት፤ በእርሱ ውስጥ ያለው የካርቦን ዘር የሆነው ግራፋይት እንጂ ብረቱ አይደለም።) እርሳስ ለስላሳ ነው። በሴኮንድ 700 ሜትር እየበረረ ሥጋና አጥንት ሲመታ እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ ሰፊ ቁስል ይፈጥራል፤ እንስሳውም ፈጥኖ ይሞታል። አዳኞች እርሳስን የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክንያታቸውም እውነት ነው። ይሁን እንጂ አረሩ ሲከፈት ይፈነጣጠራል። ፍንጣሪዎቹ ከአረሩ መንገድ ርቀው በሥጋው ውስጥ ይበተናሉ፤ አብዛኞቹም በዓይን የማይታዩ፣ በጥርስ የማይነከሱ ደቃቆች ናቸው።

ይህ ግምት አይደለም። በ2009 ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በእርሳስ አረር የተገደሉ 30 አጋዘኖችን በራጅ መረመረ። የሆድ ዕቃቸው ከወጣ በኋላ እንኳ በሁሉም ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ተገኘ። ሥጋው እንደተለመደው በባለሙያ ተበልቶና ተፈጭቶ ከታሸገ በኋላም ከ30ው አጋዘን በ24ቱ ቢያንስ አንድ እሽግ ፍንጣሪ ነበረበት። ተመራማሪዎቹ በዚህ አልቆሙም፤ ፍንጣሪ ያለበትን ሥጋ ለአሳማዎች አበሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በአሳማዎቹ ደም ያለው እርሳስ ንጹሕ ሥጋ ከበሉት ይልቅ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ «ብረቱ ሳይሟሟ ሾልኮ ይወጣል» የሚለው ተስፋ አይሠራም። በሰሜን ዳኮታ ግዛት በ738 ሰዎች ላይ የተደረገ የደም ምርመራም የአደን ሥጋ የሚበሉት በጥቂቱም ቢሆን ከፍ ያለ የእርሳስ መጠን እንዳላቸው አሳይቷል። ልዩነቱ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 0.3 ማይክሮ ግራም ገደማ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ማጋነን አንፈልግም። ይሁን እንጂ ለሕፃናት አእምሮ ደኅና የሚባል የእርሳስ መጠን እስካሁን አልተገኘም። ዓለም እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን እስከ መጨረሻው ጠብታ ለማስወገድ እስከ 2021 የደከመችው ስለዚሁ ነው፤ ያንኑ ብረት በፈቃድ ወደ ቤተሰብ ማዕድ ማምጣት እንግዳ ነገር ነው።

አዳኙ ሥጋውን ይዞ ሲሄድ የሆድ ዕቃውን ሜዳው ላይ ይተዋል። ያንን የሚበሉት ደግሞ ንስሮችና ጥንብ አንሳዎች ናቸው። የፕሮንግሆርን ሜዳ የወርቃማው ንስርም አገር ነው። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከ38 ግዛቶች የተሰበሰቡ 1210 ንስሮችን መርምሮ ግማሽ ያህሉ ለረጅም ጊዜ የተጠራቀመ የእርሳስ መመረዝ እንዳለባቸው አረጋግጧል። በ1982 በዓለም ላይ 22 ብቻ ቀርቶ የነበረው የካሊፎርኒያ ኮንዶርም ከ1992 ጀምሮ ወደ ዱር ቢመለስ፣ ዋነኛ ገዳዩ ሆኖ የተገኘው ከአረር የመጣ እርሳስ ነው።

መፍትሔው በእጅ አለ፤ ከመዳብ ብቻ የተሠራ አረር ነው። ጫፉ ተቦርቡሮ ስለሚሠራ ሲመታ እንደ አበባ ይከፈታል፤ ነገር ግን ክብደቱን ከሞላ ጎደል ጠብቆ ያልፋል፤ አይበተንም። ተቃዋሚዎች መዳብ ከእርሳስ ይቀላል ይላሉ። ልክ ናቸው። የእርሳስ እፍግታ በሴንቲ ሜትር ኩብ 11.3 ግራም ሲሆን የመዳብ 9 ገደማ ነው። ስለዚህ በእኩል ክብደትና ስፋት የመዳቡ አረር ይረዝማል። የረዘመ አረር እንዳይገለባበጥ በፍጥነት መሾር አለበት፤ ይህን የሚወስነው በአፈሙዙ ውስጥ ያለው የጠመዝማዛ ቦይ ጥብቀት ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ግሪንሂል በ1879 ያወጣው ቀመር የቦዩን ጥብቀት የሚለካው ከአረሩ ክብደት ሳይሆን ከርዝመቱ ተነሥቶ ነው። ታሪክም ይህን አስተምሯል። ከ.243 ጋር በአንድ ዓመት የወጣው .244 ሬሚንግተን በቀለህ ስፋት ከተፎካካሪው የሚያንስ አልነበረም። ሆኖም አፈሙዙ በ305 ሚሊ ሜትር አንድ ዙር ብቻ ስለሚያዞር ረጃጅሞቹን አረሮች አይሸከምም ተብሎ ገበያ አጣ። በ1963 ሠሪዎቹ ዙሩን ወደ 229 ሚሊ ሜትር አጥብቀው፣ ስሙንም ቀይረው እንደገና አወጡት።

ሆኖም መዳቡ የግድ እኩል ክብደት ሊኖረው አይገባም። ስለማይበተን ቀለል ብሎ ፈጥኖ ቢሄድ ይበቃዋል። በ.243 ውስጥ 5.2 ግራም የመዳብ አረር በሴኮንድ ወደ 1000 ሜትር ሲወጣ 2600 ጁል ይሰጣል፤ ከላይ ካሰላነው የእርሳሱ 2630 ጋር አንድ ነው። እውነተኛው ድክመቱ ሌላ ነው። መዳብ ጠንካራ ስለሆነ ፍጥነቱ እንደ ሥሪቱ በሴኮንድ ከ500 እስከ 600 ሜትር በታች ሲወርድ በደንብ አይከፈትም፤ ስለዚህ በጣም ሩቅ ለሚተኩስ አይስማማም። እኛ ይህን እንደ ጉድለት ለመቁጠር ያስቸግረናል። በሜዳ ነፋስ 500 ሜትር ላይ ባለ እንስሳ ላይ የሚተኩስ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ አረር ሳይሆን እየተሳበ መቅረብ ነው።

የዋጋው ነገር ይቀራል፤ የመዳብ ጥይት በአብዛኛው ከተራው የእርሳስ ጥይት ይወደዳል። ለአንድ ፕሮንግሆርን አንድ ወይም ሁለት ጥይት ስለሚበቃ ልዩነቱ ከነዳጁ ወጪ ያነሰ ነው፤ ለመለማመጃ የሚተኮሰው ግን ኪስ ይጎዳል። በሕግ ያስገደዱ አሉ፤ ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በመላው ግዛት፣ ዴንማርክ ደግሞ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የእርሳስ አረርን ከአደን አስወጥተዋል። አሪዞና በበኩሏ ከ2005 ጀምሮ በኮንዶሮቹ አገር ለሚያድኑ እርሳስ አልባ ጥይት በነጻ እያደለች በፈቃዳቸው እንዲተዉ አግባብታለች፤ አብዛኞቹም እሺ ብለዋል። እኛ የአሪዞናውን መንገድ እናስቀድማለን። አዳኞች የዱር እንስሳት ጠላቶች አይደሉምና። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፕሮንግሆርን ወደ ጥቂት አሥር ሺዎች ወርዶ ነበር፤ ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠረው አደኑ በሕግ ስለተገታና የ1937ቱ ሕግ በጠመንጃና በጥይት ላይ የጣለው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ስለዋለ ጭምር ነው። የረጅም ጠመንጃና የጥይት ቀረጥ ዛሬም 11 በመቶ ነው። ይህን ሲከፍል የኖረ ሰው የራጁን ፊልም ቢያሳዩት የሚገባው ይመስለናል።

ለጊዜው የመዳብ አረር ያላገኘ አዳኝ የሆድ ዕቃውን ይቅበረው ወይም ይዞት ይውጣ፤ በቁስሉ ዙሪያ ያለውንም ሥጋ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ያስወግድ። የሰሜን ዳኮታ ጤና መሥሪያ ቤት በ2008 እንደመከረው፣ ነፍሰ ጡሮችና ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በእርሳስ አረር ከተገደለ እንስሳ ሥጋ አይቅመሱ።