ፔጆዋን በኪሎ አንሽጣት

ያለፈው እሁድ ሐረር፣ አጎቴ ቤት ቡና እየጠጣን ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰው መጣ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ የቆመችውን ፔጆ 404 ዞር ዞር ብሎ አያት። ኮፈኗን አልከፈተም። ሞተሯ ይሠራል ወይ ብሎም አልጠየቀም። በእግሩ ጎኗን ነካ ነካ አደረገና "ጋሼ፣ ይቺ እንግዲህ በኪሎ ነው የምትሄደው" አለ።

የጋሼ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የሠሩባት፣ ልጆች ያስተማሩባት መኪና ናት። ግን ዝም አሉ። ምን ይበሉ? ጎማ የላትም፣ ባትሪ የላትም፣ መለዋወጫዋን ፈልጎ ማግኘትም መከራ ነው።

እኔ ነኝ ሳላስበው "አትሸጥም!" ያልኩት። ሰውየው ሳቀ። የአጎቴ ልጅም ሳቀብኝ። "አንተ ደሞ ካልጠፋ መኪና በዚህ ቆርቆሮ ፍቅር ያዘህ?" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ፍቅር ይዞኛል። የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ሌላው ስለ ላንድክሩዘርና ስለ መርሴዲስ ሲያወራ እኔ ስልኬ ላይ ያለው ፎቶ የድሮ የፈረንሳይ የቤተሰብ መኪና ነው። እንቁራሪት የሚመስል፣ ጃንጥላ የሚመስል፣ የኋላ መስታወቱ ተገልብጦ የተገጠመ የሚመስል። ሰው አይቶ ይስቃል። ዛሬ ግን ለምን እንደማልስቅ ልንገራችሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ አስተማሪ ነኝ። ድሮ ተማሪ ግራ የሚያጋባ መልስ ሲጽፍልኝ ኤክስ አድርጌ አልፍ ነበር። አሁን "እዚህ መልስ ላይ እንዴት ደረስክ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ልጁ ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ እኔ ያላየሁትን ጥያቄ ነው የመለሰው። እነዚህ መኪኖችም እንደዛ ናቸው። ከመሳቃችን በፊት "የተጠየቀው ጥያቄ ምን ነበር?" ብንል ሳቃችን ይቀንሳል።

ሲትሮየን ሁለት ፈረስን እንውሰድ። ፈረንሳዮች "ዶ ሼቮ" ይሉታል፣ ሁለት ፈረስ ማለት ነው። በ1948 ፓሪስ ላይ ሲታይ ጋዜጠኞች ተሳለቁበት። ጣሪያው ሸራ፣ አካሉ የቆርቆሮ ቤት የሚመስል፣ ወንበሩ እንደ ካምፕ አልጋ በቱቦና በጨርቅ የተሠራ። ሞተሩ 375 ሲሲ ብቻ፤ ዛሬ ብዙ ሞተር ሳይክል ይበልጠዋል። ጥያቄው ግን ከጦርነቱ በፊት በኩባንያው ኃላፊ በፒየር ቡላንዤ የተሰጠ ነበር፤ ገበሬ ከነጫማው ይገባበት፣ 50 ኪሎ ድንች ይጫንበት፣ ነዳጅ አይብላ፣ ደግሞ እንቁላል የሞላ ቅርጫት ይዞ በታረሰ ማሳ ላይ ሲያልፍ አንድ እንቁላል አይሰበር።

እስቲ አስቡት። የብዙዎቹ መኪና ሠሪዎች ጥያቄ "ስንት ይፈጥናል?" በሆነበት ዘመን "እንቁላሉ ይተርፋል ወይ?" ብሎ የጠየቀ ሰው። የተሳቀበት መኪና እስከ 1990 ድረስ ተመረተ፤ ከ3.8 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። መጀመሪያ አካባቢማ ገዢው ተመዝግቦ ዓመታት ይጠብቅ ነበር።

ሬኖ 4ን ደግሞ ተመልከቱ። 1961 ላይ ወጣ። ይሄ መኪና በአንድ ጎኑ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከሌላኛው ጎኑ ወደ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ይበልጣል! ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው "ቲቸር፣ ተሳስተው ነው" ይላሉ። አልተሳሳቱም። የኋላ ጎማዎቹን የሚሸከሙት በመጠምዘዝ እንደ ሞላ የሚሠሩ ዘንጎች ናቸው። ከወለሉ ስር ወደ ጎን ተጋድመዋል፤ ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ማጋደም ስለማይቻል አንዱ ከሌላው ኋላ ሆነ። በዚህ ምክንያት ወለሉ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ከኋላ ትልቅ በር ተከፈተለት፤ በግ ይግባ፣ ጆንያ ይግባ፣ የልጅ አልጋ ይግባ። መኪናው አምሮ እንዲታይ ሳይሆን ቤተሰቡ ዕቃውን ይዞ እንዲሄድ ነው የተጨነቁት። ከ8 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

የሚደንቀኝ ግን ሲትሮየን ዲኤስ ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ ሲጠራ "ሴት አምላክ" ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። በ1955 ፓሪስ ላይ በታየበት የመጀመሪያ ቀን ብቻ ወደ 12 ሺህ ሰው አዘዘው። በሞላና በባሌስትራ ፋንታ በየጎማው ላይ ናይትሮጂን ጋዝ የታመቀበት ክብ የብረት ኳስ አለው። ክፍል ውስጥ የምናስተምረው ነገር ነው፤ ፈሳሽ ብትጫነው እምቢ ይላል፣ ጋዝ ግን ይታመቃል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ፈሳሹ ጋዙን ይገፋል፣ ጋዙ ደግሞ መልሶ ይገፋዋል። ተሳፋሪው በዝቶ መኪናው ዝቅ ሲል ፓምፑ ፈሳሽ ጨምሮ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ቆሞ ካደረ ይተኛል፤ ሞተሩ ሲነሳ እንደ ግመል ከኋላው ብድግ ይላል።

ይሄ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ኦገስት 22 ቀን 1962 ፓሪስ አጠገብ የፕሬዚዳንት ደጎል ዲኤስ በጥይት ተደበደበች። ጎማ ተመትቶም መኪናዋ ሳትገለበጥ ይዛቸው አመለጠች። አስቂኝ የተባለው ነገር የሰው ነፍስ አተረፈ።

አሁን ወደኛው ልምጣ። ፔጆ ከነዚህ ውስጥ ብዙም "እብድ" አይደለም፤ ጭምት ነው። ፔጆዎች መኪና ከመሥራታቸው በፊት መጋዝና የቡና መፍጫ ይሠሩ ነበር። የቡና መፍጫው ከ1840 ጀምሮ ነው። አርማው ላይ ያለው አንበሳም የመጣው ከመጋዙ ነው፤ ጥርሱ እንደ አንበሳ ጥርስ የማይበገር ለማለት። እንግዲህ ከቡና መፍጫ የተነሳ ቤት የሠራት መኪና የቡና አገር ሐረር ገብታ ታክሲ መሆኗ ለኔ የሚያምር አጋጣሚ ነው።

404 በ1960 ወጣች። ቅርጿን ያወጣው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ኮፈኗን የከፈተ ሰው ሞተሯ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ተጋድሞ ያያል። መጀመሪያ ያየው ሁሉ "ወድቋል እንዴ?" ይላል። አልወደቀም፤ ኮፈኑ ዝቅ እንዲልና ክብደቱ ወደ መሬት እንዲቀርብ ነው። ማርሿ መሪው ስር ስለሆነ ከፊት ሦስት ሰው ያስቀምጣል። ባትሪ ሲሞት በማኖቬላ፣ በእጅ በሚዞረው ብረት ትነሳለች። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ሲያዞሩ ድምፁን ሰምቼ ነው ልጅ ሆኜ የምነቃው።

ጥንካሬዋን ደግሞ ምሥራቅ አፍሪካ ይመስክር። በ1963ቱ የሳፋሪ ውድድር 84 መኪና ተነስቶ የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ አንደኛ የወጣችው 404 ናት። በ1966፣ በ1967ና በ1968ም አሸንፋለች። ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ተሰልፈው የኖሩት ሰማያዊ ፔጆዎች እንግዲህ የዚችው እህቶች ናቸው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ሰውና ጫት፣ ፖርቶ መጋላዋ ላይ ደግሞ ፍየል ጭና ስትወጣ ያየ ሰው የሳፋሪው ዋንጫ አይደንቀውም።

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። "አንተ ደመወዝተኛ ነህ፣ በናፍቆት ታወራለህ፤ ሹፌሩ ግን ልጆቹን ማብላት አለበት።" ትክክል ናችሁ። እነዚህ መኪኖች ጭሳቸው ሳንባ ያቃጥላል። የደህንነት ቀበቶ የሌላቸው ብዙ ናቸው። ሁለት ፈረስ ከከባድ መኪና ጋር ቢጋጭ ማሰብም አልፈልግም። ዲኤስም ቢሆን ሲበላሽ የገጠር መካኒክን ግራ ያጋባ ነበር። ባለ ባጃጁ በትንሽ ነዳጅ ብዙ ይሠራል፤ አገሩም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየሄደ ነው። ጋሼን "ለኔ ፎቶ ሲባል ታክሲ ይንዷት" ማለት ነውር ነው። እንደዛ አላልኩም፣ አልልምም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ከመኪናዋ ጋር አብሮ በኪሎ የሚሸጠውን ነገር እንወቀው ነው የምለው።

ጋሼ ትምህርታቸው ስድስተኛ ክፍል ነው። ግን የተጋደመውን ሞተር ድምፁን ሰምተው ብቻ የትኛው ቫልቭ እንደላላ ይናገሩ ነበር። መለዋወጫ ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ሄደው፣ መሬት ላይ በጣታቸው ስለው፣ ከሌላ መኪና ብረት አስቀርጸው ይገጥሙ ነበር። ፈረንሳይ አገር ፋብሪካው 404ን ማምረት ያቆመው በ1975 ነው። ከዛ ወዲህ ሐረር ላይ በሕይወት ያቆያት የኛ ሰው እጅ ነው። ይሄ እውቀት የትም አልተጻፈም። ያለው በጥቂት ሽማግሌዎች ጣት ላይ ነው፤ መኪናው ሲሄድ ማሳያው ይሄዳል፣ ሽማግሌው ሲሄድ ደግሞ ሁሉም ይሄዳል።

አንድ ነገር ይገርመኛል። ሐረር ውስጥ የፈረንሳዩን ባለቅኔ የራምቦን ስም የያዘ ቤት አለ፤ ተጠብቆ ይጎበኛል፤ ጥሩ ነው፣ ይጎብኝ። ነገር ግን እናቶቻችንን ምጥ ይዟቸው ሆስፒታል ያደረሰች፣ ሙሽራ ያጀበች፣ ሬሳ የሸኘች ፔጆ በኪሎ ትሸጣለች። ፈረንሳዮቹ የነሱን አስቂኝ መኪኖች ሙዚየም አስገብተዋል፤ በየዓመቱም እየተሰበሰቡ ይነዷቸዋል። እኛ ከነሱ በላይ ያንገላታናትንና ከነሱ በላይ ያኖርናትን ለምን እንጥላለን?

ሐሳቤ ትልቅ አይደለም። ሁሉንም እናስቀምጥ አላልኩም። አንዷን ከነቀለሟ ከተማዋ ሙዚየም ትውሰድ። አንዷን ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይውሰዳት። የዘንድሮ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው የፕላስቲክ ክዳን ነው፤ 404 ላይ ግን ካርቡራተሩ፣ ዲናሞው፣ ራዲያተሩ፣ ሁሉም እንደ ሥዕል ይታያል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ የለም። ጋሼንና የሳቸውን ጓደኞች ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን አበል ከፍሎ ክፍል ማስገባት ነው። ወጪው ከአንድ ስብሰባ ምሳ አይበልጥም።

እና የእሁዱ ነገር እንዴት አለቀ? ብረት ገዢው ሲሄድ ጋሼ ቡናቸውን ጨርሰው "አንተ ልጅ፣ ፍቅርህን አየሁት፤ ፍቅር ግን ጎማ አይገዛም" አሉኝ። "እስከ ፋሲካ ይስጡኝ" አልኳቸው። "እስከ ፋሲካ" አሉ። ከዛ ተነስተው የፔጆዋን ኮፈን ከፈቱና እዛ የተጋደመ ሞተር ላይ ያለውን አቧራ በኮታቸው እጅጌ ጠረጉት።

ስለዚህ ይሄን ፖስት የምታነቡ የሐረርና የድሬዳዋ ልጆች፣ ኮሌጅ ውስጥ የምትሠሩ፣ ሰው የምታውቁ፣ ጊዜዬ እስከ ፋሲካ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ የቆመች 404 ያለቻችሁም ኮፈኗን ክፈቱና አንድ ፎቶ አንሱ፤ አባታችሁን አጠገቧ አቁማችሁ እንዴት ያስነሷት እንደነበር ጠይቁና በስልካችሁ ቅረጹ።

ገዢው በኪሎ ሲመዝናት ያ አይመዘንም።