የአያቱን ቡጢ የጣለው ልጅ

የድብድብ ጌም ሠሪዎች አዲስ ክፍል ባወጡ ቁጥር ገጸ ባሕርያቸውን የሚያድሱበት ርካሽ መንገድ ሞልቷቸዋል። ጸጉሩን ያስረዝሙለታል፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ይስሉበታል፣ ሲብስም አንድ ዘመድ ይገድሉበታል። ተጫዋቹ ግን ጆይስቲኩን ሲጨብጥ የሚያገኘው ያንኑ የድሮውን ሰው ነው። በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የወጣውን ስትሪት ፋይተር 6 እንይ። ያ ወርቃማ ጸጉሩን ለቆ ሲንቀባረር የምናውቀው ባለጸጋው ኬን በሐሰት ተወንጅሎ፣ ሚስትና ልጁን ጥሎ፣ ተሸሽጎ የሚኖር ሰው ሆኗል። ታሪኩ ያሳዝናል። ታዲያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኬንን ሲጫወት የኖረ ሰው ያንን ወደ ላይ የሚተኮስ የዘንዶ ቡጢውን በዚያው በለመደው የእጅ አጣጣል ያወጣዋል። ቤቱን ያጣው ኬን ነው፤ ተጫዋቹ ምንም አልጎደለበትም።

ለውጡ ተጫዋቹ እጅ ላይ ደርሷል ወይ በሚለው ሚዛን ስመዝን ከሁሉ የሚበልጥብኝ የጂን ካዛማ ለውጥ ነው፤ ከቴከን 3 ወደ ቴከን 4 ሲሻገር የሆነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤተሰብ ጸብ ነው። የቴከን ሥረ መሠረቱ አባትና ልጅ መጠፋፋት ነው፤ ሄይሃቺ ሚሺማ ልጁን ካዙያን እሳተ ገሞራ ውስጥ እስከ መወርወር የደረሰ ሰው ነው። ቴከን 3 በ1997 በጃፓን የሳንቲም ማሽኖች ላይ፣ በ1998 ደግሞ በፕሌይስቴሽን ሲመጣ ካዙያ የለም። በቦታው የቆመው ልጁ ጂን ነው። እናቱ ጁን ካዛማ የቤተሰቧን የፍልሚያ ጥበብ አስተምራው አሳደገችው፤ እሷ ኦገር የሚባለው ፍጡር ጥቃት ካደረሰባት በኋላ ደብዛዋ ሲጠፋ ልጁ አያቱ ዘንድ ሄዶ የሚሺማን ካራቴ ተማረ። ስለዚህ ጂን ገና ከመነሻው የሁለት ቤት ውርስ ነበረበት። ግማሹ ምቱ የእናቱ፣ ግማሹ የአያቱ። መጨረሻ ላይ ያ ያሠለጠነው አያት በጥይት መታው፤ ከአባቱ የወረሰው ሰይጣንም ውስጡ ነቅቶ ክንፍ አውጥቶ በረረ።

አዲስ አበባ ውስጥ በየመንደሩ የነበሩ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ቴከን 3ን እንዴት እንደተቀበሉት ያየ ያውቀዋል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ተራ መጠበቅ፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ጀማሪው ኤዲ ጎርዶን ይይዛል። ኤዲ ብራዚላዊ የካፖዬራ ተጫዋች ነው፤ ሁለቱን የእርግጫ ቁልፎች ዝም ብለህ ብትደበድባቸው እንኳ እግሩ መሬት ለመሬት እየተሽከረከረ ሰው ይጥላል። በዚህ የተነሳ የሚፈጠረው ጭቅጭቅ ለብቻው አንድ ዓምድ ይወጣዋል። ጂንን የሚይዘው ግን የተማረ ነው። የአያቱን የንፋስ አምላክ ቡጢ ለማውጣት ወደፊት ነካ፣ ልቀቅ፣ ወደ ታች፣ ከዚያ ሰያፍ ወደፊት፣ ከዚያ ቀኙን ቡጢ። በትክክለኛዋ ቅጽበት ካረፈ እጁ ላይ ሰማያዊ ኤሌክትሪክ ይፈነጥቃል። ያቺ ቅጽበት የሰከንድ አንድ ስልሳኛ ናት። ይህን ቡጢ እንደልቡ የሚያወጣ ልጅ በሰፈሩ ስም ነበረው።

ቴከን 4 በ2001 ወጣ፤ በ2002 ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ደረሰ። በታሪኩ ውስጥ ሁለት ዓመት አልፏል። ጂን የሚሺማን ደም ጠልቷል፣ በደም ሥሩ የሚሄደውን ሁሉ ጠልቷል፤ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ሄዶ ብሪስቤን ከተማ ውስጥ በአንድ የካራቴ ማሠልጠኛ ተሸሽጎ፣ ከአያቱ የተማረውን ከላዩ ላይ አራግፎ፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ ከሀ ጀምሮ ተለማምዷል። ኮፍያ ያለው ሹራብ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ብቅ ይላል።

ሌላ ጌም ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። በጽሑፍ ይነግሩናል፣ እኛም እሺ ብለን ቁልፉን አልፈን ወደ ድብድቡ እንገባለን። ቴከን 4 ግን ነገሩን እውነት አደረገው። ለዓመታት የለመድከውን የምት ሰንሰለት ስትጫን ጂን ሌላ ነገር ይሠራል። ከባዶ እጅ የከፋ ነው፤ ጣትህ በሙሉ ልብ ያዘዘው ምት አይመጣም፣ ያላዘዝከው ይመጣል፣ በመሐል ትመታለህ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ጣትም በአንድ ምክር አይታረምም፤ ደጋግሞ ወደ አያቱ ቤት ይሮጣል። አንድ ሰው ያደገበትን ልማድ እምቢ ሲል ሰውነቱ እንዴት እንደሚያስቸግረው እስካሁን ይህን ያህል በጣቴ ያስተማረኝ ፊልም አላየሁም።

ደግሞ ሠሪዎቹ ሁሉንም አልደመሰሱም። ያ የሚሺማዎች አጎንብሶ መንደርደር፣ ወደፊት፣ ልቀቅ፣ ታች፣ ሰያፍ፣ ጂን ላይ ቀርቷል። መጨረሻው ላይ የሚወጣው ቡጢ ነው የተለወጠው፤ ከታች ወደ ላይ የሚነሳው የአያቱ ምት ቀርቶ ከጎን የሚጠመዘዝ ቡጢ ሆኗል። ታስቦበት ይሁን ሳይታሰብበት ለእኔ ግድ የለኝም፤ ክዶ የመሄድን ጎደሎነት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ዝርዝር በጌሙ ውስጥ የለም። ትምህርቱን ጥሎ ሄዷል፤ አረማመዱ ግን የአያቱ ነው።

አሁን ወደ አስቂኙ ነገር። ይህ ኃይሉን የናቀው፣ ትሕትና ልማር ብሎ ባሕር የተሻገረው ልጅ ማሽኑ ላይ ከሁሉም የከፋ አውሬ ሆኖ ተገኘ። ቴከን 4ን በውድድር ደረጃ የተጫወቱ ሰዎች የጌሙ አስፈሪ ማን ነው ቢባሉ ያለ ክርክር ጂን ይላሉ። በትክክለኛዋ ቅጽበት ከተጫነ ባላጋራን ፋታ የሚነሳ አንድ የሦስት ቡጢ ሰንሰለት ነበረው፤ ያንን የቻለ ሌላ ብዙም አያስፈልገውም ነበር። ድርሰቱ ስለ መተው እየሰበከ የቁጥር ቀማሪዎቹ ሚዛኑን አበላሹት። ቅር አልተሰኘሁም። ከሁሉ ነገር የሸሸ ሰው ይበልጥ አስፈሪ መሆኑ ከሰው ባሕርይ የራቀ አይደለም።

ተጫዋቹ ግን ቅር ተሰኝቷል። ቴከን 3 ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ጌም ነው፤ የዚያ ሁሉ ሰው ጣት ያኛውን ጂን ነው የሚያውቀው። ቴከን 4 ወለሉን ወጣ ገባ አድርጎ፣ ሜዳውን በግድግዳ አጥሮ፣ ብዙ ሌላ ነገርም ነካክቶ ስለነበር ወቀሳው በረታ። ስለዚህ ቴከን 5 በ2004 ሲመጣ ዴቪል ጂን (ሰይጣኑ ጂን) የሚባል ራሱን የቻለ ገጸ ባሕርይ ይዞ መጣ፤ በቴከን 3 ጂን ይዟቸው የነበሩት የአያቱ ምቶች ለእሱ ተሰጡ። ብሪስቤን የተማረው ካራቴ ከጂን ጋር ቀረ።

ይህን ውሳኔ ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። ደንበኛ ለማስደሰት የተደረገ መሆኑን አልክድም። ግን ምን እንደተደረገ ልብ በሉ፤ በልጅነታችን የወደድነው፣ በወንበር ተራ ጠብቀን የተማርነው እጅ በሙሉ የሰይጣኑ ሆነ። የድሮውን ጂን መጫወት የሚፈልግ ቀንዱንና ክንፉን አብሮ መቀበል አለበት። ይህን የመሰለ የከረረ ፍርድ በተጫዋች ናፍቆት ላይ የፈረደ የገበያ ውሳኔ ሌላ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው የጂን ታሪክ ዝብርቅርቅ ነው። ቴከን 6 ላይ የአያቱን ድርጅት ወርሶ የዓለም ጦርነት ይለኩሳል፤ ለዚያ የተሰጠው ምክንያት እስከዛሬ አልተዋጠልኝም። ጥር 2024 የወጣው ቴከን 8 ነው ሁለቱን ጂኖች ለማስታረቅ የሞከረው። ካራቴው አለ፣ የሰይጣኑም ኃይል በመሐል ብልጭ ይላል፤ ሳይክድና ሳይገዛለት ይጠቀምበታል። ለእጅም ይጥማል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዛሬ ገጸ ባሕርይ እንዲለወጥ አዲስ ክፍል መጠበቅ ቀርቷል፤ በኢንተርኔት በሚወርድ ማስተካከያ በየጥቂት ወሩ ይለወጣል። ሚያዝያ 2025 የቴከን 8 ሁለተኛ ዓመት ማስተካከያ ሲወጣ ተጫዋቹ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ሩጦ በመደብደብ አንድ ዓይነት ሆኑብን ብሎ ጮኸ፤ ጌም ሠሪው ድርጅትም በዚያው ወር ሌላ ማስተካከያ ለማውጣት ተገደደ። አንዳንዱ ጩኸት የጣት ልማድ ብቻ ነው፤ ጂንም በ2001 ተጮሆበታል። ልዩነቱ ያኔ ምቱን የነጠቀን ሰው ራሱ ጂን ነበር፤ ለምን እንደነጠቀንም እናውቅ ነበር። አሁን ጠዋት ከፍተህ ቡጢህ ሌላ ቡጢ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ የቀረበልህ ማብራሪያ የቁጥር ዝርዝር ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ለዚህ ተጠያቂ የሚሆን አንድ አያት እንኳ የለም።