«ሂ» ሲባል ሴትንም ይጨምራልን?

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ከቈዩት ደንቦች አንዱ፣ የሚነገርለት ሰው ወንድ ይሁን ሴት በማይታወቅበት ጊዜ ተውላጠ ስሙ «ሂ» ይሁን የሚለው ነው። በዚህ ደንብ መሠረት «ማንኛውም ተማሪ መጽሐፉን ይዞ ይምጣ» ለማለት ሲፈለግ «ሂዝ ቡክ» ይጻፋል። «ዜር ቡክ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን «ዘይ የብዙዎች ነው፤ ተማሪው አንድ ነው» ተብሎ በቀይ ይሰመርበታል። እኔ ይህ ቀይ መስመር እንዲቀር ከሚፈልጉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ለመግለጥ እወዳለሁ።

«ዘይ»ን ለአንድ ሰው መናገር የዛሬ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዞች ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጽፈውበታል፤ ሼክስፒርም ጄን ኦስተንም ተጠቅመውበታል። ነውር ያደረጉት ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተነሡ የሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው። የብሪታንያ ፓርላማም በ1850 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሕግ ውስጥ የወንድ ጾታ የሚያመለክት ቃል፣ በግልጽ ካልተከለከለ በቀር፣ ሴትንም ይጨምራል ሲል ደነገገ።

በዚህ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በሥራ ላይ ሲውል ግን እንዴት እንደ ሆነ ካናዳ ታሳየናለች። የ1867ቱ የካናዳ ሕገ መንግሥት ለሴኔት የሚሾሙት «ብቁ የሆኑ ሰዎች» ናቸው ይላል፤ የብቃታቸውን ዝርዝር ሲናገር ደግሞ «ሂ» እያለ ነው። በ1927 ኤሚሊ መርፊ የተባሉት ዳኛና ሌሎች አራት የአልበርታ ሴቶች፣ «ሰዎች» በሚለው ቃል ውስጥ ሴቶች ይገኙ እንደ ሆነ እንዲወሰን ጠየቁ። በ1928 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይገኙም ብሎ ፈረደ። ዋናው ምክንያት ሕጉ በወጣበት ዘመን ሴቶች የመንግሥት ሹመት አይዙም ነበር የሚለው እንጂ ተውላጠ ስሙ አልነበረም፤ ነገር ግን «ሂ» ሴትንም ይጨምራል የሚለው ደንብ በዚያን ቀን አላዳናቸውም። በይግባኝ ለንደን ደርሰው ፍርዱ የተሻረላቸው በ1929 ነው። የፓርላማው ድንጋጌ ከወጣ 79 ዓመት መሆኑ ነው! ጥርጥር በተነሣ ጊዜ የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። አማርኛ ጾታን እስከ ግሡ ድረስ ይለያል፤ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳንል የአንድ እኩያችንን መምጣት መናገር አይሆንልንም። አንቱ የምንለው ሰው ሲሆን ግን «እርሳቸው መጡ» እንላለን። አያታችን ወንድ ቢሆኑም ሴት ቢሆኑም ቃሉ አንድ ነው፤ ግሡም የብዙዎች ግሥ ነው። «እናቴ መጡ» ያለውን ልጅ፣ ስንት እናት አለህ ብሎ የጠየቀው ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እንግሊዝኛ ራሱ ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሄዶበታል። «ዩ» የብዙዎች ነበር፤ አንዱ ሰው «ዛው» ይባል ነበር። በኋላ አንዱንም ሰው ለአክብሮት «ዩ» ማለት ተለመደና «ዛው» ቀረ። ዛሬ ለአንድ ሰው «ዩ አር» ብለን ስንጽፍ የሚያርመን የለም።

አዲስ ቃል ለመፍጠር የሞከሩም አሉ። ቻርልስ ኮንቨርስ የተባለ አሜሪካዊ በ19ኛው መቶ ዓመት «ዞን» የሚል ተውላጠ ስም አወጣ (ከአስተዳደር ዞን ጋር አይገናኝም)። የዌብስተር ትልቁ መዝገበ ቃላት በ1934 እትሙ አስገባው፤ በ1961 እትሙ አስወጣው፤ የሚናገረው አልተገኘምና። «ዘይ» ግን ከአፍ ወጥቶ አያውቅም። ራሳቸው «ሂ»ም «ሺ»ም ሳይሆን «ዘይ» ተብለው መጠራት የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ፤ ሜሪያም ዌብስተር ይህንንም አጠቃቀም በ2019 መዝግቦታል።

ስለ ስሞች ብዙ አልልም። «ፋየርማን» ከማለት «ፋየርፋይተር»፣ «ፖሊስማን» ከማለት «ፖሊስ ኦፊሰር» ማለት ምንም አያስቸግርም። «ቼርማን» ውስጥ ወንድ ተቀምጧል፤ በእኛው «ሊቀ መንበር» ውስጥ ግን ያለው ወንበር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ «ማኔጀር» በሚለው ውስጥ «ማን» አለ ብሎ መቈጣት ማብዛት ነው፤ ቃሉ የመጣው እጅ ከሚለው የላቲን ቃል ነውና።

«ዘይ» አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው ይሁን ብዙ አይለይም የሚሉት መምህራን እውነት አላቸው። «ሂ» ደግሞ ወንድ ብቻ ይሁን ሴትም ጭምር አይለይም፤ ከሁለቱ የማይከፋውን መምረጥ ነው። በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ በ2019 በወጣው 7ኛ እትሙ የመረጠው «ዘይ»ን ነው። ስለዚህ እዚህ ነጥብ የሚያስቀንስብን ጽሑፍ ነገ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የምንጠየቀው ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። መምህራኖቻችን በጉዳዩ ተነጋግረው አንድ ውሳኔ ቢሰጡን እንወዳለን። እስከዚያው ድረስ ፈተና ላይ መከራከር የማይሻ ተማሪ ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ብዙ አድርጎ «ተማሪዎች መጽሐፎቻቸውን» ብሎ ቢጽፍ፣ «ዜር» ያለ ክርክር ያልፍለታል።